ስሜን ያልጠራህ ዕለት

አቶ ደሞዝ ሰው ሊያሰናብቱ ሲነሱ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። እንዲያውም ያለዝቡታል። የወንድማቸው ልጅ ናዝሬት ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ለዚህም ነው ያን ዕለት ጠዋት አጎቷ፣ ቢሮ የሚጋራት ገንዘብ ያዥ ገና ሳይመጣ፣ ወደ ቢሮዋ ገብተው፣ በሩን ከኋላቸው ገጠም አድርገው፣ «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ» ሲሏት ገና የማንንም ስም ሳይጠሩ የያዘችውን ብዕር ያስቀመጠችው።

«ለቢየል የስንብት ደብዳቤ ጻፊለት» አሉ። «ለዛሬ ይድረስ።»

ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ውጭ፣ ከባሮ ድልድይ ወዲህ፣ መኪኖቹ ወንዙን ወርዶ ወዳለችው ማታር ከተማ የሚሄደውን ዱቄትና ዘይት እየጫኑ ነው። ናዝሬት የዚህ የጭነት ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ናት፤ ድርጅቱ የአጎቷ ነው። ቢየል ደግሞ መኪኖቹንና ጀልባዎቹን የሚያሰማራው የስምሪት ኃላፊ ነው፤ አሁን ግን ታሞ ቤት ውሏል።

«ጋሼ፣ ቢየል እኮ የሕመም ፈቃድ ላይ ነው።»

«የት አለ ፈቃዱ?»

«የሐኪም ወረቀቱን አሳይቼዎት ነበር...»

«እኔ ያየሁት ወረቀት የለም።»

አይተውታል። እሷ ራሷ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣላቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው፣ «እግዜር ይማረው» ብለው መልሰውላታል። አሁን ግን ዓይን ዓይኗን እያዩ የለም ይላሉ። ናዝሬት እኚህን ሰው ሲዋሹ ሰምታ አታውቅም። ከማንኛውም ቁጣ ይልቅ ያስፈራት ይኸው ነበር።

«ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታው ቀርቷል ብለሽ ጻፊ» አሉ።

«አዋጁ ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ይፈቅዳል እኮ። እሱ ገና ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም።»

«ሾፌሮቹ እሱ የነካውን አንነካም ብለዋል። ቲቢ ነው አሉ። ለመሆኑ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩሽ አዋጅ እንድታነቢልኝ ነው?» ይህንንም በለዘበ ድምፅ ነው ያሉት። ከዚያ ትኩር ብለው አዩአት። «ናዚ፣ ከዚህ ልጅ ጋር ሌላ ነገር አለሽ?»

አባቷ መቲ በሚባለው የቡና አገር ሲሞት ገና ፊደል እንኳ አልለየችም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሻንጣዋን ተሸክመው ጅማ ድረስ ያደረሷት እኚሁ ሰው ናቸው።

«ምንም የለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

በሩ ተዘጋ። ናዝሬት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የተናገረችው አንዲት አጭር ቃል ናት። ነገር ግን ገደል አፋፍ ላይ እጇን ይዞ የቆመውን ሰው፣ እሷው ራሷ የለቀቀችው መሰላት።

*

ከቢየል ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ሰላምታ ብቻ እየተለዋወጡ ብዙ ጊዜ ሠርተዋል። የተዋወቁት ካቻምና ክረምት ነው። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ማታር ያሉትን ሠራተኞች ለማየት በጀልባ ስትወርድ፣ አብሯት የሄደው እሱ ነበር። ወንዙ መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን ሲጎረጉር፣ ውሃው ወደ ጎን ሲወስዳቸው፣ ናዝሬት የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

«እስኪነሳ ድረስ ኑዌርኛ ላስተምርሽ» አላት ቢየል። «ማሌ በይ።»

«ማሌ።»

«እንዲህ ካልሽው ሰላምታ ሳይሆን ስድብ ነው የሚመስለው። ቀስ አድርገሽ፣ ማሌ።»

ሳቀች። ዓይኗን ስትገልጥ እያያት ነበር። መያዙን ሲያውቅ ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ረጅምና ጠይም፣ ሲናገር ቃላቱን እንደሚመርጥ ሰው ቀስ የሚል፣ ሲያፍር ጆሮውን የሚያሽ ልጅ ነው። ሞተሩ ተነሳ፤ ማታር ደረሱ፤ ተመለሱ። ያ ወደ ውሃው የዞረ ፊት ግን ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እሷ ከቅዳሴ፣ እሱም ከጸሎት ቤቱ ሲወጡ፣ ከከተማው ወጣ ብለው ወንዙ ዳር ማንጎ ዛፎች ሥር ይገናኙ ጀመር። ለማንም አልነገሩም። የአጎቷ ሚስት ለናዝሬት የሚሆን ኦርቶዶክስ፣ የደጋ ልጅ፣ መምህር መርጠው ጨርሰዋል። የቢየል አባት ደግሞ ማታር ላይ ለኑዌር ልጃገረድ ጥሎሽ የሚሆኑ ከብቶች ለይተው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። «ክረምቱ ይውጣና እንነግራቸዋለን» ተባባሉ። ክረምቱ ወጣ። «ጥምቀት ይለፍ» አሉ። አለፈ።

ቢየል መሳል ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ። ከዚያ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፋው። አንድ እሁድ ሲያስለው መሐረቡን ቶሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ናዝሬት ቀዩን ነገር ግን አይታው ነበር። በማግሥቱ ሆስፒታል ሄደ። ማታ መልእክት ላከላት፤ «የሳንባ ቲቢ ነው። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። እንዳትመጪ። እባክሽ እንዳትመጪ።»

የሐኪሙን ወረቀት በእህቱ ልጅ እጅ ላከ፤ ናዝሬትም ተቀብላ ማኅደሩ ውስጥ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ትደውላለች፤ ስልኩ ይጮሃል፤ አያነሳም። ትጽፋለች፤ ያነበዋል፤ አይመልስም። ቀን ሥራ ላይ ሳለች ትሟገትለታለች፤ «ደክሞት ነው»። ማታ ግን ሌላ ሐሳብ መጥቶ አጠገቧ ይተኛል፤ «ሞትን ሲያይ የወገኑን ልጅ አስታወሰ። አንቺ ማን ነሽና?»

የስንብቱን ደብዳቤ አልጻፈችም። ራሴን አሞኛል ብላ ከቢሮ ወጣች። አልጽፍም ብላ አጎቷ ፊት ለመቆም ግን አልደፈረችም። ያልተናገረችው ነገር ሁሉ ደረቷ ላይ ተከምሮ፣ አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ አደረች።

*

ሰኞ ዕለት፣ ናዝሬት ወደ ሥራዋ በተመለሰች ጠዋት፣ አንዲት ረጅም ሴት፣ ጨርቋን አንድ ትከሻዋ ላይ ቋጥራ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ቀጥ ብላ ቢሮው ገባች። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች።

«ናዝሬት የምትባል ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንቺ ነሽ?» አለች፤ እንደ ማዘንም እንደ መገረምም ብላ። «እኔ ኛዊዩዋል ነኝ። የቢየል እህት።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

የስንብት ደብዳቤ ነበር። «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዎ በመቅረትዎ» ይላል። ከሥሩ የተጻፈው ስም ደግሞ የናዝሬት ነው፤ «የአስተዳደር ኃላፊ» ከሚለው ጋር። ከስሙ በላይ የተጫረውን ፊርማ አወቀችው፤ የገንዘብ ያዡ የውቤ ነው። ቀና ስትል ውቤ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንገቱን ደፍቷል።

«ወንድሜ ይህን አነበበ» አለች ኛዊዩዋል። «ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ መድኃኒት ተወ። ከአርብ ጀምሮ ጤና ጣቢያ አልሄደም። ነገ ማታር እወርዳለሁ ይላል። ከብት ጋር እሆናለሁ ይላል።» ወረቀቱን በመዳፏ መታችው። «የዚህን በሽታ መድኃኒት መሃል ላይ የተወ ሰው ይሞታል። እኔ አውቃለሁ። ባሌ እንደዚያ ነው የሞተው።»

የአቶ ደሞዝ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ናዝሬት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ይህን በር ያለፈች እንደሆነ ቤት የምትለው ቤት፣ አባት የምትለው ሰው ከኋላዋ ሊቀሩ ይችላሉ። ያላለፈች እንደሆነ ደግሞ...

ቦርሳዋን አነሳች።

«ናዝሬት» አለ ውቤ በሹክሹክታ፤ «ጋሽ ደሞዝ ሳያውቁ...»

«ይወቁ» አለችው። እንዲህ ያለችው ደፍራ አልነበረም። ወደ ኋላዋ ሳታይ ኛዊዩዋልን ተከትላ ወጣች።

*

ባጃጁ ኒውላንድ ሰፈር ገብቶ አንድ የቆርቆሮ አጥር በር ላይ አወረዳቸው። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው ተቀምጧል። ናዝሬት መጀመሪያ አላወቀችውም። ጉንጩ ገብቶ፣ አንገቱ ቀጥኖ፣ ዓይኑ ብቻ ትልቅ ሆኖ ቀርቷል። እሷን ሲያይ ብድግ አለና ማስኩን ወደ አፍንጫው ሳበ።

«እዚያው ቁሚ» አላት። «እንዳትቀርቢ።»

ቆመች። እንዲህ ናፍቋት አያውቅም፤ በመካከላቸው ያለውን ባዶ መሬትም እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል» አለ።

«የኔ አይደለም፣ ቢየል። ፊርማው የኔ አይደለም።»

«ስምሽ ግን አለበት።»

«አዎ።»

«የሐኪሙን ወረቀት ለአንቺ አይደለም የላክሁት? አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ ‹ያለ ፈቃድ ቀረ› ሲሉ ምን አልሻቸው?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ተሟግቼልህ ነበር ማለት ትችል ነበር፤ ጥቂትም እውነት አለው። ከእነዚያ ትላልቅ ዓይኖች ፊት ግን አልሆነላትም።

«ትንሽ ተናገርኩ፤ ከዚያ ዝም አልኩ» አለች። «ከዝምታም የባሰ አድርጌያለሁ። ጋሼ ‹ከእሱ ጋር ሌላ ነገር አለሽ?› ብለው ጠየቁኝ። ‹ምንም የለም› አልኳቸው። ፈራሁ። ክህደት ነው ብትለኝም አዎ። ካድሁህ።»

ቢየል ይጮህባታል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔም ብያለሁ» አለ።

«ምን?»

«‹የለም› ብያለሁ። መድኃኒት ስጀምር ነርሷ ጠየቀችኝ። ‹አጠገብህ የሚሆን፣ አብሮህ የሚቀመጥ ማን ነው? መመርመር አለባቸው፤ ይተላለፋል› አለች። የእህቴን ስም ነገርኳት። የልጆቿን ነገርኳት። ‹ሌላስ?› አለች። ስምሽ እዚህ ደርሶ ነበር።» ጉሮሮውን ነካ። «ስምሽን ብሰጥ ይደውሉልሻል፤ ቤትሽ ይሰማል፤ አጎትሽ ያባርሩሻል ብዬ ፈራሁ። የለም አልኳት። ከጤና ጣቢያው ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ።»

«ቢየል...»

«ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስልኬ ሲጮህ ‹እያሳለኝ ነው› ልትይኝ ነው እያልኩ አላነሳም። መልእክትሽን የማነበው ጤነኛ መሆንሽን ለማወቅ ነው፤ መልስ ለመጻፍ ግን እጄ እሺ አይለኝም። ምን ብዬ? ‹እወድሻለሁ፤ ምናልባትም ገድዬሻለሁ› ልበል?» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ደብዳቤው ሲመጣ ይገባኛል አልኩ። ይገባኛል፤ አባራኛለች፤ ደግ አደረገች። በሕይወት ትኑርልኝ እንጂ ብዬ ነው መድኃኒቱን የተውኩት።»

ናዝሬት ልትናገር አፏን ከፈተች። ከቃል በፊት ግን የወጣው ሳል ነው። ደረቅ፣ አጭር ሳል። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሌላ ተከተለው።

ቢየል ከወንበሩ ተነሳ። ቀለሙ ሁሉ ከፊቱ ሲሸሽ ታያት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አቧራ ይሆናል...»

«ናዝሬት፣ ከመቼ ጀምሮ!»

«ሳምንት አልፎኛል» አለች። እስከዚያች ሰዓት ለራሷ እንኳ አልነገረችውም ነበር። ማታ ማታ ትራሷ ውስጥ አፏን ቀብራ ያፈነችው ነገር፣ አሁን በእኩለ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእሱ ፊት ስም አገኘ። ኛዊዩዋል ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ያዘች።

«ስማኝ» አለች ናዝሬት። «እኔ አሁን ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ካለብኝ መድኃኒቱን እውጣለሁ፤ እድናለሁም። ግን አንተ ማታር ወርደህ ስትሞት እየሰማሁ ብቻዬን አልውጠውም። አልችልም። አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይስ ጀልባህን ትጠብቃለህ?»

ቢየል ወደ እህቱ ዞሮ በኑዌርኛ አንድ ነገር አላት። ኛዊዩዋል ወደ ጎጆው ሮጠች፤ የሕክምና ካርዱን ይዛ ተመለሰች።

ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ነርሷ ቢየልን ስታይ ቁጣም እፎይታም ተናነቃት፤ «የት ጠፍተህ ነው? ይኼ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን የሚጀመርና የሚተው መሰለህ?» እያለች ውሃ ቀዳች። ክኒኖቹን ከፊቷ አስዋጠችው። ከዚያ ናዝሬትን አየች።

«አንቺስ? ምኑ ነሽ?»

ናዝሬት ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞረዋል፤ ከመካከላቸው የአጎቷ ሚስት ጎረቤት አለች።

«እጮኛዬ ናት» አለ ቢየል፣ ድምፁን ሳይደብቅ። «ያን ጊዜ ስሟን አልነገርኩሽም። ጻፊው፤ ናዝሬት ትባላለች።»

ይህን ቃል ከዚያ በፊት በየትኛውም ቋንቋ ብሏት አያውቅም። በሞት ፍርሃት መካከል ቆማ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ወዲያው ደግሞ ያን ደስታ ራሱን ፈራችው።

*

አክታዋን ሰጠች፤ ራጅ ተነሳች። መብራት በመጥፋቱ ውጤቱ ዘገየ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተመለሽ አሏት።

የሐሙስ ጠዋቱ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ነበረው። ቢየል ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው አቤቱታ አቅርቦ፣ አስማሚዋ ወይዘሮ አልማዜ አቶ ደሞዝን በስልክ ጠርተዋቸዋል። እስከዚያው ናዝሬት ቤት ውስጥ እንደ ጥላ ኖረች። ብቻዋን በላች፤ መስኮት ከፍታ፣ ከሁሉ ርቃ ተኛች። ጎረቤቲቱ ያወራችው ወሬ ቤት ደርሷል፤ የአጎቷ ሚስት አልቅሰዋል። አቶ ደሞዝ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። በኮሪደሩ ሲያልፉ በሯ ላይ ቆም ይላሉ፤ ከዚያ እርምጃቸው ይርቃል። ቢጮሁባት በወደደች።

ቢሮው ጠባብ ነው። ወይዘሮ አልማዜ ከጠረጴዛው ኋላ ናቸው፤ ቢየል ማስኩን አድርጎ ከክፍቱ መስኮት አጠገብ፤ አቶ ደሞዝ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከበሩ አጠገብ። ናዝሬት ከሁለቱም እኩል በራቀ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አቶ ደሞዝ» አሉ ወይዘሮ አልማዜ፤ «ሠራተኛው የሐኪም ማስረጃ አቅርቤያለሁ ይላል። እርስዎስ?»

«የደረሰኝ ወረቀት የለም።»

«የአስተዳደር ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት?» ወደ ናዝሬት ዞሩ።

«እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት። ወደ አጎቷ አላየችም፤ ብታይ አትናገርም። «ወረቀቱ ደርሷል። የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ማኅደሩ ውስጥ አለ። ለጋሼም አሳይቻቸዋለሁ፤ ‹እግዜር ይማረው› ብለው መልሰውልኛል። ደብዳቤው ላይ ያለው ስም የኔ ነው፤ ፊርማው ግን የኔ አይደለም። ቢየል ያለ ፈቃድ አልቀረም።»

ተናግራ ስትጨርስ ቀና ብላ አስማሚዋን አየች።

ወይዘሮ አልማዜ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ደሞዝ፣ እንግዲህ ሰምተዋል። የታመመ ሠራተኛ ፈቃዱን በማስረጃ ካስታወቀ፣ ሕጉ በሰጠው ጊዜ ውስጥ ‹ቀረ› ብሎ ማሰናበት አይቻልም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ ስንብቱ ሕገ ወጥ ይባላል፤ ወደ ሥራው ይመለስም ይባላል። እዚሁ ብንጨርሰው ለሁላችሁም ይሻላል።»

አቶ ደሞዝ አስማሚዋን አልሰሙም። ናዝሬትን እያዩ ነው። ድምፃቸው በጣም ዝቅ አለ።

«እየሳልሽ ነው» አሉ።

ናዝሬት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«በግድግዳው እሰማሻለሁ። ትራስ ውስጥ ስታፍኚው ሁሉ እሰማሻለሁ።» ባርኔጣቸውን ጨመደዱት። «አባትሽም እንዲህ ነበር የጀመረው። መቲ ላይ፣ ቡና ሲለቀም፣ ‹ጉንፋን ነው ደሞዝ፣ አትጨነቅ› እያለኝ። ወንድሜን በነዚህ እጆቼ ነው የተሸከምኩት። አንቺን አደራ ሲሰጠኝ የላባ ያህል እንኳ አይከብድም ነበር።»

ለናዝሬት አባቷ በምን እንደሞተ ማንም ነግሯት አያውቅም። «ታሞ» ብቻ ነበር የሚሏት።

«ከዚህ ልጅ ጋር መሆንሽን አውቅ ነበር» አሉ። «ማንጎዎቹ ጋ አይቻችኋለሁ። ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ። ሲታመም ግን... የጠየቅሁሽ እውነቱን እንድትነግሪኝ ነበር፤ የለም ስትይኝ ጭራሽ ፈራሁ። ሥራ ካጣ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ካንቺ ይርቃል አልኩ። ሾፌሮቹ ሰበብ ነበሩ። ዋሸሁ። ልጁን ጠልቼው አይደለም።» እስከዚያ ወደ ቢየል አልዞሩም ነበር፤ አሁን ዞሩ። «አልጠላሁህም። ፈርቼህ ነው።»

ቢየል ቃላቱን እንደ ልማዱ አንድ በአንድ አወጣቸው።

«ጋሽ ደሞዝ፣ እኔም ከርስዎ ባላነሰ ፈርቻለሁ። እኔ ማታር ስለሄድኩ ግን በሽታው አይወጣም። በሽታውን የሚያስወጣው መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ረጅም ነው፤ ያቅለሸልሻል፤ ያደክማል። በየጠዋቱ ተነስቼ የምውጠው አንድ ቀን ተመልሼ የምገባበት በር አለ ብዬ ነው። ያን በር ሲዘጉብኝ ለምን ብዬ ልዋጥ? ሥራዬን ሲወስዱብኝ የወሰዱት መዳኔን ነው።»

አቶ ደሞዝ የጨመደዱትን ባርኔጣ በመዳፋቸው አቃኑት።

«ደብዳቤው ይነሳ» አሉ በመጨረሻ። «ፈቃዱን ይጨርስ። ወንበሩ ይጠብቀዋል።» ወይዘሮ አልማዜ ብዕራቸውን አነሱ። አቶ ደሞዝ ቃላቸው ሲጻፍ ጠብቀው፣ ፈርመው፣ ወደ በሩ ሄዱ። ናዝሬት አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሳይናገሩት ወጡ። ናዝሬት ያሸነፈችውን ከማሰቧ በፊት ያቺ ያልተነገረች ቃል ቀድማ ልቧን ወጋቻት።

*

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ስሟን ስትጠራ፣ ቢየል ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቀረ። ልግባ አላላትም፤ መግባትም አልቻለም። ከበሩ ውጭ፣ አጥሩ ጥግ፣ አንድ ነጭ ፒክአፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ናዝሬት መኪናውን አወቀችው። መሪው ላይ ያሉትን እጆችም አወቀቻቸው።

ክፍሉ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየች አታስታውስም። ነርሷ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ስታይ፣ ናዝሬት የራሷን የጎድን አጥንቶች እንደ ሌላ ሰው ቤት አጥር አየቻቸው። ነርሷ ተናገረች። ናዝሬት ድገሚልኝ አለቻት። ደገመችላት።

ስትወጣ ፀሐዩ ዓይኗን አጥበረበረው። ቢየል ከዛፉ ሥር ተነስቶ ቆሟል። ልትነግረው ፈለገች፤ ድምፅ ከየት ይምጣ? እንባዋ እየወረደ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ቢየል ተሳስቶ ተረዳት። እንደተመታ ሰው በጉልበቱ መሬት ወረደ፤ ራሱን በእጆቹ ሸፈነ።

«የለብኝም!» ብላ ጮኸች። «ቢየል፣ የለብኝም! ሳንባዬ ንጹሕ ነው፤ ሳሉ የአቧራ ነው!»

በሽተኞቹ ሁሉ ቀና አሉ። አንዲት ሴት እልል አለች። ቢየል ተንበርክኮ እንዳለ ማስኩን በእንባ አራሰው፤ እየሳቀ ነው ወይስ እያለቀሰ መለየት አይቻልም። ናዝሬት ወደ እሱ ልትሮጥ ስትል፣ ወደ አጥሩ ዞር አለች። ፒክአፑ ውስጥ አቶ ደሞዝ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተዋል። ትከሻቸው ይርገበገባል።

ሄዳ መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

«ጋሼ።»

ቀና አላሉም። «እሱ ገና የአራት ወር መድኃኒት ይቀረዋል» አሉ፤ ድምፃቸው ታፍኗል። «አንቺም አትርቂውም፤ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ስፈራ ልኖር ነው?»

«እኔም እፈራለሁ» አለች። እጇን በመስኮቱ አስገብታ፣ ላብ ያወረዛው ክንዳቸው ላይ አሳረፈችው። «ለየብቻችን ፈራን፤ ምን አተረፍን? አሁን አብረን እንፍራ፣ ጋሼ።»

የአቶ ደሞዝ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ሞተሩን አጠፉት።

በድንገት በመጣው ጸጥታ ውስጥ የቢየል እርምጃ ከኋላዋ በጥንቃቄ ሲቀርብ፣ ራቅ ብሎም ሲቆም ሰማች። ፍርሃቱ ከሦስቱም አልወጣም፤ በመካከላቸው ቆሟል። ናዝሬት ግን ከእጇ ሥር የአጎቷ ክንድ መንቀጥቀጡን ቀስ በቀስ ሲተው ተሰማት፤ ልቧም ከአባቷ ሞት ወዲህ ቀልሎ የማያውቀውን ያህል ቀለለ።